ሸዋ ሮቢት ላይ ፋርማሲ ልክፈት ወይ ላልሺው እህቴ

ጥያቄሽን ትናንት ማታ እዚህ ሸዋ ሮቢት ፋርማሲዬን ከዘጋሁ በኋላ አነበብኩት። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ፋርማሲ እንደምትሠሪ፣ ከወንድምሽ ጋር ያጠራቀማችሁት ገንዘብ እንዳለ ጽፈሻል። ደብረ ብርሃን ይሻላል ወይስ ሸዋ ሮቢት? ሥራዬን ሳልለቅ ሰው ቀጥሬ ማሠራት እችላለሁ ወይ? ነው ያልሽው። ከመጨረሻው ልጀምር። አልመክርሽም።

የሕጉን ነገር ለጊዜው ልተወውና የደረሰብኝን ልንገርሽ። በ2000 ዓ.ም. ተመረቅሁ። በሁለተኛው ዓመት የፋርማሲ ባለሙያነት ፈቃዴን ለአንድ ነጋዴ አከራየሁ። የምስክር ወረቀቴ በመስተዋት ተደርጎ እዚያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እኔ ግን ሌላ ከተማ ሌላ ሥራ ላይ ነኝ። ገንዘቡ በየወሩ ይደርሰኛል፤ በሦስት ወር አንዴ ብቅ ብዬ ፈርሜ እመለሳለሁ። አንድ ቀን፣ ለአስም አሚኖፊሊን የታዘዘላቸው እናት የድብርት መድኃኒት የሆነው አሚትሪፕቲሊን ተሰጥቷቸው ሁለት ቀን ሙሉ ሲያንቀላፉ ሰነበቱ። የሰጣቸው ልጅ አሥረኛ ክፍል የጨረሰ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት አንብቦ እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደደ። ሴትየዋ ተረፉ። ልጁ ላይ ግን ልፈርድበት አልቻልኩም፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስም የእኔ ነበር። በዚያው ሳምንት ሄጄ ወረቀቴን አወረድኩ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እዚህ በ2004 ዓ.ም. ስከፍት የአዲስ አበባ አከፋፋዮቼ የሁለት ወር ዱቤ ይሰጡኝ ነበር። ሸጬ እከፍላለሁ፣ ከፍዬ እወስዳለሁ። ዛሬ ጥሬ ገንዘብ ሳልይዝ የሚያናግረኝ የለም። ነገሩን የቀየረው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የወጣው የውጭ ምንዛሪ ውሳኔ ነው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከምንሸጠው መድኃኒት ደግሞ አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። በዚያ ክረምት የደም ግፊት መድኃኒቶቼን በድሮው ዋጋ ሸጬ፣ አተረፍኩ ብዬ ገንዘቡን ቆጥሬ አዲስ አበባ ሄድኩ። በሸጥኩበት ገንዘብ የሸጥኩትን ያህል መልሼ መግዛት አልቻልኩም። መደርደሪያዬ እየሳሳ እኔ ትርፍ ስመዘግብ ነበር። ስለዚህ ካፒታልሽን አስቢ ስልሽ የመክፈቻውን ብቻ አይደለም፤ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና የምትገዢበትን ለይተሽ አስቀምጪ። ለዓይን የሚያምር ሙሉ መደርደሪያ የጀማሪ ወጥመድ ነው፤ ግማሹ ጊዜው አልፎበት ይወገዳል።

ጊዜው አልፎበት ካልኩ አይቀር። አንድ ቀን አንድ አባት ቤታቸው ያስቀመጡትን የሆድ መድኃኒት ይዘው መጡና ደህና እንደሆነ ጠየቁኝ። ካርቶኑ ላይ 2023 ይላል። ጊዜው አልፏል ስላቸው ሳቁብኝ፦ «ልጄ፣ ገና 2018 ላይ ነን እኮ! አምስት ዓመት ይቀረዋል።» ልክ ናቸው፤ የእሳቸው ዘመን የእኛ ዘመን ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ማብቂያውን በእኛ አቆጣጠር በእስክሪብቶ ሳልጽፍበት የማስረክበው ካርቶን የለም። የሚወሰድበትን ሰዓትም በእኛው እጽፋለሁ፣ ጠዋት 2፣ ማታ 2 እያልኩ።

የጤና መድኑም ገበያውን ለውጦታል። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ዛሬ የገጠሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። የመድኑ መታወቂያ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ጤና ጣቢያ ነው፤ ወደ እኔ የሚመጣው እዚያ ሲያጣ ነው። ለጉንፋንና ለራስ ምታት የሚገባ ደንበኛ ላይ ተመሥርተሽ ሒሳብ አትሥሪ።

ታዲያ ኪራዩን የሚከፍልልኝ ምንድን ነው? ደብተሬ ውስጥ ስልሳ የሚያህሉ የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማን አሉ፤ በየወሩ ይመጣሉ። የሚመጡት ዋጋዬ ስለሚያንስ አይደለም፤ ስለማነጋግራቸው ነው። እኛ የተማርነው 4 ዓመት ነው፤ ያኔ ትምህርቱ ስለ መድኃኒቱ ነበር። እናንተ 5 ዓመት ተምራችኋል፣ ስለ በሽተኛውም ጭምር። ያንን ዕውቀት ሆስፒታሉ መስኮት ላይ ሰልፉ ሲገፋሽ አትጠቀሚበትም፤ እዚህ ግን እንጀራሽ ይሆናል። ኢንሱሊንን ለምሳሌ ብናይ፣ ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ሸዋ ሮቢት ሙቀቷን ታውቂያታለሽ። አንድ ደንበኛዬ «እንዳይበላሽብኝ» ብለው ጎረቤት ሻይ ቤት በረዶ መሥሪያው ውስጥ አስቀመጡት፤ ረጋ። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ይጣላል እንጂ ቢቀልጥም አይወጋም። ቤታቸው ሄጄ ማሰሮ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀብረን ጥላ ስር አኖርነው፤ አሁን የሚጠቀሙበትን ብልቃጥ እዚያ ነው የሚያስቀምጡት።

ወባም አለ። ኮአርተም ለአዋቂ 24 ፍሬ ነው፣ አራት አራት ተደርጎ በሦስት ቀን የሚያልቅ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት ቆይቶ ይወሰዳል፤ ከዚያ ጠዋትና ማታ። ሰዉ በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲለቀው የቀረውን ለሚቀጥለው ወባ ይሸሽገዋል፤ ስለዚህ ቆሜ አስቆጥረዋለሁ። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልተወሰደ ሰውነት በደንብ አይቀበለውም። ዐቢይ ጾም ላይ ወተት ጠጡ ብልሽ ትሰሚኛለሽ? ዘይት ጠብ ያለበት ሽሮ ወይም ለውዝ እላለሁ። ረመዳን ሲቃረብ ደግሞ ለሚጾሙት የስኳር ሕሙማን ሁሉ፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪማቸው ዘንድ እንዲሄዱ እነግራለሁ።

እንዲህ ስሠራ የማጣውም አለ። ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ ፈልጎ «ቀይና ቢጫዋን ሁለት ፍሬ» የሚለኝን መልሼ እሰዳለሁ። ከእኔ ወጥቶ ሌላ በር ሲገባ በዓይኔ አየዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ስትቆጥሪው ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ያስቆጫልም።

ከተማውን በተመለከተ፣ እኔ ብሆን ደብረ ብርሃን አልከፍትም። ሰዉ በዝቷል፤ ፋርማሲውም አብሮ በዝቷል፣ የቤት ኪራዩም እንዲሁ። እዚህ ወይም ከዋናው መንገድ ወጣ ባለ ከተማ፣ ጠባብ ቤት፣ አስተማማኝ ማቀዝቀዣ፣ አንቺ ራስሽ ከጠዋት እስከ ማታ። ሆስፒታሉን ለመልቀቅ ልብሽ ካልቆረጠ ገንዘቡን ሌላ ነገር ላይ አውዪው።

ከመወሰንሽ በፊት አንድ ቅዳሜ ነይና ከእኔ ጋር ቆመሽ ዋዪ። በጠዋት ተነሺ። ጣርማ በርን አልፈሽ ወደ ቆላው ስትወርጂ ጃኬትሽን ታወልቂዋለሽ። የማቀዝቀዣዬ ቴርሞሜትር ተሰብሯልና እዚያ ካገኘሽ አንድ ይዘሽልኝ ነይ፤ ሒሳቡን እዚሁ እሰጥሻለሁ።