ስድስት ከሆናችሁ አንዳችሁ መድረክ ላይ አትውጡ

«ጎንደር ውስጥ ስድስት ጓደኛሞች ሆነን አንድ ቴአትር ለማሳየት ተነሥተናል፤ ድርሰቱ በእጃችን ነው፣ የምንተውነውም እኛው ነን፤ ከመድረክ ጀርባስ ምን ማሰናዳት ይኖርብናል?» ብላችሁ ለጠየቃችሁት፣ በዚሁ ከተማ ከአንድ አነስተኛ የቴአትር ቡድን ጋር ለዓመታት ስሠራ ያየሁትን እጽፍላችኋለሁ።

ከሁሉ በፊት የምለምናችሁ፣ ከስድስታችሁ አንዱ ወይም አንዷ ጨርሶ እንዳይተውን ነው። ቡድን የሚመሠርት ሰው ሁሉ መድረክ ናፍቆት የሚሰባሰብ በመሆኑ ምክሩ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ አዘጋጁ ሥራውን የሚመራው እስከ መጨረሻው ጥናት ድረስ ነው፤ መጋረጃው ከተከፈተ በኋላ ትእዛዙ ጽሑፉን ይዞ ጨለማው ውስጥ ወደሚቆመው የመድረክ መሪ ይተላለፋል። ይህ ሰው ከመጀመሪያው ንባብ ጀምሮ ከጥናት አይቀርም፤ ማን ከየት እንደሚገባ፣ ምን ይዞ እንደሚወጣ፣ መብራቱ በየትኛው ቃለ ተውኔት ላይ እንደሚጠፋ በጽሑፉ ኅዳግ ላይ በእርሳስ ይመዘግባል። በእርሳስ ማለቴ፣ አዘጋጅ እስከ ዋዜማው ድረስ ሐሳቡን ስለሚለውጥ ነው።

እኛ እንዲህ ያለ ሰው ሳይኖረን ያሳየነው አንድ የቤተሰብ ቴአትር ነበር። በሁለተኛው ገቢር አባትየው ከካፖርቱ ኪስ ደብዳቤ አውጥቶ ለልጆቹ ያነባል። ካፖርታችን አንድ ብቻ በመሆኑ በመጀመሪያው ገቢር እንግዳ ሆኖ የሚገባው ተዋናይም የሚለብሰው ያንኑ ነበር፤ ደብዳቤው ኪሱ ውስጥ የሚገባው ልብሱ ከአንዱ ወደ ሌላው በሚተላለፍበት ጊዜ ቢሆንም፣ ማን እንደሚያስገባው በስም አልተወሰነም ነበር። እኔ ተራዬን እየጠበቅሁ መጋረጃው ጥግ ቆሜ ሳለሁ የአባትየው እጅ ኪሱ ውስጥ ገብቶ ሲቀር አየሁ። ጣቶቹ የኪሱን ጥግ ሲዳስሱ ከውጭ ይታይ ነበር። የቻለውን ያህል በቃሉ አለው፤ ሆኖም ሦስተኛው ገቢር የተንጠለጠለበትን ዓረፍተ ነገር ዘለለው፤ ተመልካቹም ልጅቱ ለምን ከቤት እንደወጣች ሳይገባው ወደየቤቱ ሄደ። ደብዳቤውን በኋላ ልብስ መቀየሪያው ወንበር ላይ አገኘነው።

ከዚያ ወዲህ ከመድረኩ ጀርባ አንድ ጠረጴዛ እናቆማለን፤ በላዩ ላይ ነጭ ወረቀት ዘርግተን የእያንዳንዱን ዕቃ ቅርጽ በዙሪያው በእስክሪብቶ እንሥልና ስሙን እንጽፍበታለን። ሥዕሉ ባዶ ሆኖ ከታየ ዕቃው የለም ማለት ነው፤ የመድረክ መሪው መጋረጃው ከመከፈቱ በፊትና በየገቢሩ መካከል ይህን ይመለከታል። በጨለማ ለማየት የእጅ ባትሪውን በሰማያዊ ፌስታል መሸፈን ይበቃል፤ ነጭ ብርሃን በመጋረጃው ስንጥቅ ወደ ተመልካች ያመልጣል።

ስለ መብራት ጥቂት ስሌት አስፈላጊ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት በመሆኑ፣ አንድ የ1,000 ዋት ፓውዛ ወደ 4.5 አምፔር ይስባል። የአዳራሹ መስመር 10 አምፔር በሚችል ብሬከር ላይ ከሆነ ሁለቱን በጭንቅ ይሸከማል፣ ሦስተኛው ግን ከአቅሙ በላይ ነው። የሚያታልለው ብሬከሩ ወዲያው ላይጥል መቻሉ ነው፤ በሙከራ ጊዜ ለአምስት ደቂቃ ደኅና መስሎ፣ ሽቦው እየሞቀ ሄዶ በትዕይንቱ መሀል ይጥላል። ስለዚህ ፓውዛዎቹን ሁሉ አብርታችሁ ቴአትሩ የሚፈጀውን ሰዓት ያህል ሞክሯቸው። መብራት ቢጠፋ ደግሞ ማን ምን እንደሚያበራ አስቀድሞ ይወሰን፤ ተዋናዩ ባለበት ቆሞ ይጠብቅ እንጂ ከመድረክ አይውረድ።

ቀኑን ስትመርጡ ሐምሌንና ነሐሴን ተዉ። የጎንደር ክረምት በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ የሁለተኛው ረድፍ ተመልካች እንኳ ቃለ ተውኔቱን አይሰማም፤ ጮክ በሉ ማለትም መፍትሔ አይሆንም፣ ቀስ ተብሎ የሚነገረው ሁሉ ይበላሻልና። ሰሞነ ሕማማትና የጥምቀት ሰሞንም አይሆኑም።

የያዛችሁት ድርሰት የሌላ ሰው ከሆነ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል፤ ለምሳሌ ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን ያረፉት በ1998 ዓ.ም. በመሆኑ ሥራዎቻቸው ገና በጥበቃ ሥር ናቸው። ታሪካዊ ከሆነ ደግሞ ዕቃና አልባሳቱን በጥንቃቄ መርምሩ፤ የጎንደር ተመልካች ታሪኩን ከአያቱ ሰምቶ ያደገ ነው። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ባሳየነው ትዕይንት አንድ ወታደር ውጅግራ ይዞ ገብቶ ነበር። ቴአትሩ እንዳለቀ አንድ አዛውንት ከጀርባ መጡና፣ «ልጆቼ፣ ደግ ሠርታችኋል፤ ግን ያ ጠመንጃ ንጉሡ መቅደላ ላይ ካለፉ በኋላ የመጣ ነው» አሉን። እውነታቸውን ነበር፤ ንጉሡ ያረፉት በ1860 ዓ.ም. ሲሆን ውጅግራ የምንለው የፈረንሳይ ጠመንጃ የተሠራው ከዚያ ከዓመታት በኋላ ነው። አዛውንቱን ለሚቀጥለው ሥራችን ከመጀመሪያው ንባብ ጀምሮ ጋበዝናቸው፤ እናንተም እንዲህ ያሉ ሰው ቢኖሯችሁ ከብዙ ስሕተት ትድናላችሁ።

አዳራሽ ስትከራዩ ለአንድ ቀን ሳይሆን ለሁለት ቀን ተነጋገሩ፤ በዋዜማው እዚያው መድረክ ላይ ያላጠና ተዋናይ የመድረኩን ስፋት የሚያውቀው በተመልካች ፊት ነው። ኪራዩ ቢከብዳችሁ ከኮምፖንሳቶና ከቀለም ቀንሱ። የተቀባ አቡጀዲ በደንብ ከተወጠረ ግድግዳ ይሆናል።

አልባሳትና ዕቃ መዋሳችሁ አይቀርም። ምን ከማን ቤት እንደመጣ የመድረክ መሪው በጽሑፉ የመጨረሻ ገጽ ላይ ይጻፍ፤ መድረኩ በሚፈርስበት ሌሊት ሁሉም ደክሞት ያገኘውን በያለበት ይጠቀልላልና። እኛ ከአንዲት ጎረቤታችን የተዋስነውን መሶብ ያለ ክዳኑ መለስንላቸው። እኚያ እናት በቁጣ አንድ ቃል አልተናገሩንም፤ በሚቀጥለው ቴአትር ካባ ልንዋስ ስንሄድ ግን «ካባውን ሰው ወስዶታል» አሉን። ክዳኑ የተገኘው ከሳምንታት በኋላ፣ በመጋረጃው ጥቅልል ውስጥ ነው።