ገና 6 ዓመት አለው ያለችኝ የሳል ሽሮፕ

ሰላም እህቴ። «እናቴ ቤት በየጥጋጥጉ መድኃኒት ተከማችቷል፤ ከየት ልጀምር? የትስ ላስቀምጠው?» ላልሽው፣ እኔም ባለፈው ጥቅምት እማዬ ቤት ይሄንኑ ስለሠራሁ ያየሁትን ልጻፍልሽ። ረዘም ይላል፤ ታገሺኝ።

መጀመሪያ ሁሉንም አውጥተሽ አልጋ ላይ ዘርግፊው። እኛ ቤት ሦስት ፌስታል ሞላ። ከቡፌው መሳቢያ፣ ከፍሪጅ አናት፣ ከትራሷ ሥር ሳይቀር ወጣ።

ከዚያ ቀኑን እዪ። እማዬ ቀን ሳታይ አትውጥም። አንዱን የሳል ሽሮፕ ልጥል ስል ግን «ተይ፣ ገና 6 ዓመት አለው» አለችኝ። ጠርሙሱ ላይ 03/2024 ይላል። እኛ ያኔ 2018 ላይ ነበርን። ስሌቷ ልክ ነው፤ ቀኑ ግን የፈረንጅ ነው። በእኛ መጋቢት 2016 ላይ አብቅቷል፤ ዓመት ተኩል አልፎት ነበር! ደነገጥኩ። ስንት ቤት እንዲህ ይሆን? ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ካርቶን ላይ በማርከር፣ በትልቁ፣ በእኛ አቆጣጠር እጽፍላታለሁ። ወሩ ከጃንዋሪ እስከ ኦገስት ከሆነ ከዓመቱ 8 ቀንሺ፣ ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር ከሆነ 7። የክኒን ማሸጊያ በመቀስ ስትቆርጡም ቀኑ የታተመበትን ጫፍ መጨረሻ ላይ አስቀሩት።

ሁለተኛው ስም ነው። እማዬ ጋ ፓራሲታሞል፣ ፓናዶል፣ አሜሪካ ያለችው አክስቴ የላከችው ታይሌኖልም ነበር። ሦስት መድኃኒት መስሏት ራስ ምታቱ ሲብስባት እያፈራረቀች ትወስዳለች። ሦስቱም አንድ ናቸው! አሜሪካ አሴታሚኖፌን የሚሉት ፓራሲታሞልን ነው። ለአዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ከባለ 500 ሚሊግራሙ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም። ከዚያ በላይ ጉበት ይጎዳል። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም አለበት። ስለዚህ ተመሳሳዮቹን በአንድ ላስቲክ እሰሪያቸው።

በወረቀት የተጠቀለሉ፣ ስማቸው የማይታወቅ ነጫጭ ክኒኖች ካገኘሽ አትገምቺ። ይጣሉ። ከልጅ የተረፈ የአሞክሳሲሊን ሽሮፕም እንዲሁ፤ ዱቄቱ በውሃ ከተበጠበጠ በኋላ እንደ አምራቹ 7 ወይም 14 ቀን ብቻ ነው የሚያገለግለው። የዓይን ጠብታም ከተከፈተ ወር ካለፈው አብዛኛውን ጊዜ ይጣላል።

ማስቀመጫው ቀላል ነው። ማድ ቤት ይሞቃል፣ መታጠቢያ ቤት ይረጥባል፤ ሁለቱም ይቅሩ። እኔ መኝታ ቤት ያለው ቁም ሳጥን ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ክዳን ባለው የብስኩት ቆርቆሮ አድርጌ ቆለፍኩት። የልጅ ልጆች ከመጡ ቁልፍ የግድ ነው። ደግሞ ለልጅ መድኃኒትን «ከረሜላ ነው» ብላችሁ አትስጡ፣ እባካችሁ። እናትሽ ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ ይሁን፤ በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን በፍጹም። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም።

የሚጣለውን መጀመሪያ ሰፈራችሁ ያለውን ፋርማሲ ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቂ። እኛ ሰፈር አልተቀበሉኝም። ክኒኖቹን ከነማሸጊያቸው ሳይሆን ፈልፍዬ፣ ከቡና አተላ ጋር ለውሼ፣ በፌስታል ጥብቅ አድርጌ አስሬ ነው ከቆሻሻው ጋር የሰጠሁት። አተላው ውስጥ ከገባ ልጅም ሆነ ቆሻሻ የሚለቅም ሰው አያነሳውም።