ጎርፉ የማን ነው? ቀበና ዳር ሰላጣ ለሚያለሙ አባት

ጥያቄው የደረሰኝ ከኡራኤል ዝቅ ብሎ፣ ቀበና ወንዝ ዳር አትክልት ከሚያለሙ አባት ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው። «ይህን ቦታ አባቴም ሲያለማው ነው የኖረው። ድሮ ወንዙ ማሳ ውስጥ የሚገባው በነሐሴ ነው፣ ያውም አልፎ አልፎ። አሁን የግማሽ ሰዓት ዝናብ ይበቃዋል። አምና ሁለት ጊዜ ሰላጣዬን ጠራርጎ ወሰደው። ዳሩም እየተናደ ነው። በጋ ሲሆን ደግሞ ውሃው ያንስና ይሸታል። ከላይ ያሉት ምን እያደረጉ ነው? ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ቅርጫት) ላሠራ ወይስ ልተወው?»

ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት ዝናብ በጣለ ማግስት ጠዋት ማሳዎ ላይ መጥቼ ነበር። እርስዎ ገበያ ወጥተው ስለነበር ልጅዎ አስጎበኘኝ። መጀመሪያ ዓይኔ የገባው ባህር ዛፉ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለው ፌስታል ነው። ትከሻዬ ላይ ይደርሳል። ወንዙ የት ድረስ እንደወጣ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አያስፈልግም። ቀጥሎ በዶማ አንድ ጉድጓድ ቆፈርን። ከላይ አራት ጣት የሚሆን አመድማ ደለል አለ። ከሥሩ አሸዋ፣ የሲሚንቶ ፍርፋሪ፣ የሴራሚክ ስባሪ። ክንድ ያህል ከወረድን በኋላ ነው ጥቁሩን የአባትዎን አፈር ያገኘነው። ያ ሴራሚክ መቼም እርስዎ ማሳ ላይ አልተሰበረም። ከላይ አንዱ መታጠቢያ ቤቱን ሲያድስ የጣለው ይሆናል።

«ከላይ ያሉት» ላሉኝ ግን፣ የሚከሰስ አንድ ሰው ብፈልግም አላገኘሁም። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። አንድ 200 ካሬ ግቢ ያስቡ። 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥልበት 8,000 ሊትር ያርፍበታል፤ 40 በርሜል ማለት ነው። ግቢው ሣርና ዛፍ ቢሆን ከዚህ አሥር በርሜል ያህሉ ይፈስ ይሆናል፤ ሌላው ይሰርጋል። ባለቤቱ ግቢውን በሙሉ ቤትና ንጣፍ ሲያደርገው ከ35 በርሜል በላይ ወደ ቱቦው ይሄዳል። ልዩነቱ 25 በርሜል ነው። ለአንድ ግቢ ምንም አይደለም። አንድ ሺህ ግቢ ሲሆን ግን 5 ሚሊዮን ሊትር ይመጣል። 10,000 ሊትር በሚይዝ የውሃ ቦቴ ቢጫን 500 ቦቴ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ እርስዎ ሰላጣ ላይ ቢደፉ ብለው ያስቡት።

ደግሞ አንድ ሺህ ግቢ ማለት ገና 20 ሄክታር ነው። የቀበና ውሃ ከእንጦጦ ተነስቶ እርስዎ ዘንድ እስኪደርስ ስንት ሰፈር እንደሚያቋርጥ እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ፈረንሳይ ለጋሲዮን አለ፣ ቀበና አለ፣ ከጎን ግንፍሌ ይጨመራል። መንገዱ አስፋልት ሆኗል፣ የመንገዱ ዳር ቦይ በቀጥታ ወንዝ ውስጥ ይገባል። እንጦጦ ጫፉ ወደ 3,200 ሜትር ከፍታ አለው፤ እርስዎ ያሉበት ከዚያ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ይላል። እንዲህ ባለ ቁልቁለት ላይ ለስላሳ ቦይ ሲጨመር ውሃው መብዛቱ ብቻ አይደለም ችግሩ፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ መድረሱ ነው።

በጋ ላይ የሚሸተውም የዚሁ ሌላ ፊት ነው። በክረምት ያልሰረገ ውሃ በጥር ምንጭ ሆኖ አይወጣም። የወንዙ የራሱ ውሃ ሲያንስ ከየቤቱ የሚለቀቀው ፍሳሽ ድርሻው ይበዛል። (እዚህ ላይ ሰው ሁሉ እንጦጦ ላይ ያለውን ባህር ዛፍ ይራገማል። ውሃ መጠጣቱ እውነት ነው። እኔ ግን ጥፋቱን ሁሉ ለእሱ አልሰጥም። ከሥሩ ያለው ቅጠልና ጭራሮ ለማገዶ ተጠርጎ ስለሚወሰድ ነው መሬቱ ራቁቱን የቀረው። በየክረምቱ የሚተከለው ጥድና ወይራ ደግሞ አድጎ ውሃ እስኪይዝ ዓመታት ይፈጃል።)

ወሎ ልማት ጣቢያ ስሠራ የተፋሰስ ሥራ የምንጀምረው ከጋራው ጫፍ ነበር። መጀመሪያ ላይኛው እርከን፣ ቀጥሎ ተዳፋቱ፣ ሜዳው በመጨረሻ። የላዩ ገበሬ ካልተስማማ የታቹ ይጎዳል፤ ሆኖም ሁለቱም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም በአንድ መስጊድ ይገናኛሉ፣ ይነጋገራሉ። አዲስ አበባ ውስጥ የላዩ ሰው በሩ ዝግ ነው፣ እርስዎንም አያውቅም። የሚገርመው እያንዳንዱ የግንባታ ፈቃድ ለብቻው ሲታይ ልክ መሆኑ ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 አለን፤ ግምገማው ግን በተግባር የሚሠራው በአንድ በአንድ ፕሮጀክት ላይ ነው። አንድ ሺህኛው ግቢ ሲነጠፍ ከ999ኙ ጋር የሚደምረው የለም። ውሃው ደግሞ የክፍለ ከተማ ድንበር አያውቅም። ከእርስዎ ማሳ አልፎ ወደ ትልቁ አቃቂ፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ አዋሽ፣ ከዚያ ቆቃ ይገባል። እርስዎ ከላይ የመጣ ሴራሚክ እንደሚለቅሙ ሁሉ፣ የእርስዎን ዳር አፈር የሚቀበል ሌላ ገበሬ ከታች አለ።

አሁን ወደ ጋቢዮኑ እንምጣ። አያሠሩ። ምክንያቴን ከራሴ ስህተት ልንገርዎት። ከዓመታት በፊት ታች ሰፈር ላለ ገበሬ አሸዋ በጆንያ ሞልቶ ዳሩን እንዲገድብ መከርኩት። ሠራው፣ የእሱ ዳር ዳነ። በማግስቱ ክረምት ውሃው ዞሮ ማዶ ያለውን የጎረቤቱን መሬት በላው። እስከ ዛሬ ሰውየው ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል። ወንዝ አንድ ጎን ሲከለክሉት ሌላውን ይወስዳል። ከዚህም ሌላ ወንዝ ዳሩ በ2011 በተጀመረው የሸገር ማስዋብ ሥራ ውስጥ ያለ ነው፤ ስለዚህ ቦታው በፕላን ምን እንደሆነ ከወረዳው ሳያጣሩ ገንዘብዎን ሽቦና ድንጋይ ላይ አያፍስሱ።

ከዚያ ይልቅ ወደ ኋላ ይበሉ። እስከ ጠርዙ ድረስ እያረሱት ነው፤ ለዚህም ነው የሚናደው። አራት እርምጃ ይተዉና ጠርዙ ላይ ቬቲቨር ሣር ይትከሉ፣ ጥቅጥቅ አድርገው፣ በስንዝር ስንዝር። የኢሉባቦር ገበሬዎች በደንብ ያውቁታል። ሥሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይሄዳል፣ እስከ 3 ሜትር ይደርሳል። እዚህ ብርድ ስላለ እድገቱ ይዘገያል፤ የመጀመሪያው ክረምት ላይ ብዙ አይጠብቁበት።

ሰላጣውን ግን ይተዉት። ይህን ስጽፍ እንደማይወዱልኝ አውቃለሁ፤ ቶሎ ደርሶ ቶሎ ብር የሚያመጣው እሱ ነው። ነገር ግን ሰላጣ ጥሬውን ይበላል፣ ቅጠሉም በዚያ ውሃ ይረጫል። ማጠብ ጀርሙን ይቀንሰው ይሆናል፤ ቅጠሉ ውስጥ የገቡትን እርሳስና ካድሚየም የሚባሉ መርዛማ ብረቶች ግን አያወጣቸውም። ቆስጣም እንደዚያው ነው፤ መቀቀል ጀርሙን ይገድላል፣ ብረቱን ግን አያጠፋውም። ቅጠሉ ከሚበላ አትክልት ይልቅ የማይበላ ነገር ይሻልዎታል።

ለታችኛው መደብ እኔ የማስበው ቄጠማ ነው። ሲሰሙት ይስቁ ይሆናል። ጎርፍ ቢተኛበት አይሞትም፣ እርጥብ መሬት ይወዳል፣ ማንም አይበላውም። ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ ይጎዘጎዛል፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ዋጋውን እርስዎ ራስዎ ሲገዙ አይተውታል። ላይኛው ደረቅ መደብ ላይ ደግሞ ችግኝ ያፍሉ። ከተማው በየክረምቱ ችግኝ ይፈልጋል፣ የግቢ አበባና የጥላ ዛፍ የሚጠይቀውም ብዙ ነው። ችግኝ በፕላስቲክ ስለሆነ ዝናቡ ሲያሰጋ ተሸክመው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያስቀምጡታል። ሰላጣን እንደዚያ ማድረግ አይቻልም።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ከጎረቤት አልሚዎች ጋር ሆናችሁ መዝግቡ። ድልድዩ አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ በቀለም መስመር ያስምሩ፣ በየ20 ሳንቲም ሜትሩ። ግቢ ውስጥ አፉና ታቹ እኩል የሆነ ጣሳ ያስቀምጡ፤ ስንት ሚሊ ሜትር እንደጣለ በማስመሪያ ይለኩ። ስንት ሰዓት ዘነበ፣ ስንት ሰዓት ወንዙ ሞላ፣ የት ድረስ ወጣ። የልጅዎ ደብተር ይበቃል። ከላይ አዲስ ግንባታ መጥቶ ሕዝብ ሲወያይ ያንን ደብተር ይዛችሁ ግቡ። አዋጁ የግምገማ ጥናቱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን፣ አስተያየትም እንዲሰበሰብበት ያዛል። እዚያ «ጎርፍ አስቸገረን» ብቻ ማለት አይበቃም፤ ያ ሁሌም ይባላል። «የዚህ ግቢ የጣሪያ ውሃ የት ነው የሚሄደው? እዚያው የሚሰርግበት ጉድጓድ አለው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ያጣ መሐንዲስ ቢያንስ ማስታወሻው ላይ ይጽፈዋል።

የቬቲቨር ተከላውን በሰኔ መጀመሪያ አብረን እንሠራዋለን። ጠርዙ ላይ ያለውን ሰላጣ እስከዚያ ሰብስበው ይጨርሱ። ዶማዋንም አይሽጧት፣ ጥሩ ዶማ ናት።