መልስ፦ እንጀራ ማከፋፈሉ ሲሰፋ ሶፍትዌር ልግዛ?

እህቴ፣ እንጀራ የምታስረክቢያቸው ካፌዎች ሃያ ሲደርሱ ሂሳቡ ስለተምታታብሽ ሶፍትዌር ልግዛ ወይ ብለሻል። እኔ ብሆን ለጊዜው አልገዛም። ችግሩ ያለው ስምምነትሽ ላይ ነው። አንዱ ትልቅ እንጀራ፣ ሌላው ትንሽ፣ አንዱ በየቀኑ ሌላው በወር የሚከፍል ከሆነ ሶፍትዌሩም ያንኑ ትርምስ ነው የሚመዘግብልሽ።

መጠኑን አንድ አድርጊው፤ ንጹህ ጤፍና ድብልቅ ብቻ ይለዩ። ሊጥ ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ የሚቦካ ነገር ነው፤ ዓይነት በበዛ ቁጥር ግምትሽ ይሳሳታል፣ የተረፈው ደግሞ ድርቆሽ ከመሆን አያልፍም። የነገ ትዕዛዝ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ አትቀበዪ። (ሁሌ በእኩለ ሌሊት የሚደውል አንድ ደንበኛ አይጠፋም፤ ይቆጣ።) ክፍያ በቴሌብርም ይምጣ በባንክ፣ ወደ አንድ የንግድ ሂሳብ ብቻ ይግባ፤ ከቤት ወጪ ጋር አይቀላቀል። ዱቤ በየቅዳሜው ይዘጋ፤ ያልዘጋ ሰኞ እንጀራ አይወስድም።

አድራሹ ልጅ በካርቦን የሚሠራ የማስረከቢያ ወረቀት ይዞ እየቆጠረ ያስፈርም፤ አንዱ ቅጠል ለካፌው፣ አንዱ ለአንቺ። ለታክስ የሚቆረጠው ደረሰኝ ለብቻው ነው፣ የማስረከቢያ ወረቀቱ እሱን አይተካም። ይሄ ከተስተካከለ ለሃያ ደንበኛ ኤክሴል ይበቃሻል።