ለቡቺ ብር ከመላካችሁ በፊት

ድሬ ዳዋ ቤተሰብ ዘንድ ውሻ ትታችሁ የወጣችሁ፣ ውሻው አርጅቶ ከታመመ ይሄ ለእናንተ ነው። ውጭ ከ20 ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። ዘንድሮ ብቻ ሁለት ልጆች እኔ የሠራሁትን ጥፋት ሲደግሙት አየሁ።

1. ወረቀት። "አሜሪካ አምጥቼ ላሳክመው" የምትሉ፣ ተዉት። ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ከፍተኛ ነው ከተባሉት አገሮች ውስጥ ናት፤ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2024 ወዲህ ደግሞ አሜሪካ ውሻ የማስገባቱ ሕግ ጠብቋል።

2. ምርመራ። በጎረቤት ግምት አትሂዱ፣ ደሙ ይታይ። ደንገጎን ወጣ ብሎ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ እዚያም ጠይቁ። ሐኪሙን "ይድናል ወይስ ቀን ነው የሚጨመርለት?" በሉት። ያረጀ ውሻ ኩላሊቱ አንዴ ከሞተ አይመለስም። በሻንጣ ኢብፕሮፌን የምትልኩም አላችሁ። እሱ የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል፣ እባካችሁ!

3. ብሩ። እዚህ ላይ እቆጣለሁ። ውሻዬ ቡቺ 13 ዓመቱ ነበር። ኩላሊቱ እንደደከመ ሐኪሙ ነገረን። እማዬ "አቦ ልጄ፣ ደክሞታል፣ ይረፍ" አለችኝ። እኔ ግን "ለገና እመጣለሁ፣ እስከዚያ ይቆይልኝ" አልኩና ብር ላኩ። በየሁለት ቀኑ ግሉኮስ ተሰካለት። የ71 ዓመት ሴትዮ ያን የሚያክል ውሻ ከሊሾው ላይ ስታገላብጥ፣ ሽንቱን ስትጠርግ፣ በዚያ ሙቀት ዝንብ ስታባርርለት ትውላለች። በቪዲዮ ስደውል አንገቱን በእጇ ቀና ታደርግልኛለች። "አየኸው? አወቀህ" ትለኛለች። እኔም አምናለሁ! ከሞተ በኋላ ነው እህቴ የነገረችኝ፦ ካሜራው የማያሳየው ግራ ጎኑ ከመተኛት ብዛት ቆስሎ ነበር። ስድስት ሳምንት ያቆየሁት ለእሱ ብዬ አይደለም። ጥዬው በመሄዴ የሚያቃጥለኝን ነገር በዶላር ላጠፋው ብዬ ነው። ለገናም አልደረሰልኝ።

እና ውሳኔውን ለሚያጥበው ሰው ተዉለት። እናት ውጭ ላለ ልጇ እውነቱን አትነግርም፤ እህታችሁን ወይም ሠራተኛዋን ለብቻ ጠይቁ። ይበላል ወይ? ራሱ ተነስቶ ይሸናል? ሲጠሩት ጭራውን ይቆላል? ሦስቱም ቀርተው ሐኪሙም "አይመለስም" ካለ ግሉኮሱ ይነቀል። ብር የግድ መላክ አለብኝ ካላችሁ፣ ሐኪሙ ቤት ድረስ እንዲመጣ ክፈሉበት። ለእናታችሁም አጋዥ ቅጠሩላት።

4. መርፌው። ይረፍ ከተባለ የሚያሳርፈውን መርፌ ሐኪም ይውጋው፣ መጀመሪያ ማደንዘዣ ይሰጠው። መርዝ ይዞ የሚመጣ ጎረቤት አይጠፋም፤ እንዳትፈቅዱ። የሚቀበርበት ጉድጓድ ጠለቅ ይበል። ከሚወጋው መድኃኒት አንዳንዱ ሥጋው ውስጥ ይቀራል፤ ጅብ ወይም ሌላ ውሻ ቆፍሮ ከበላው እሱም ሊሞት ይችላል። ሐረር ያላችሁማ ይሄን እኔ አልነግራችሁም።