ብርጭቆዋን ስለለዩባት እናት፦ ለጥያቄሽ መልስ

እህቴ፣ ሌላውም እንዲከታተል ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። የወንድምሽ ባለቤት በእርግዝና ክትትል ላይ ተመርምራ ኤችአይቪ ተገኘባት፣ መድኃኒትም ጀመረች። ወንድምሽ ነፃ ነው፣ ልጃቸው 4 ወሩ ነው። እናትሽ ብርጭቆና ሳህን ለይተውባታል፣ ሊጥ እንዳትነካ ከልክለዋታል፣ አሁን ደግሞ "ጡቱን አስጥይው" እያሉ ነው። አንቺ የጠየቅሽው ለቤቱ ልጆች ስጋት አለ ወይ፣ እናቴንስ በምን ላሳምን ነው።

ከጡቱ ልጀምር፤ እዚህ ቤት እውነተኛ ጉዳት ሊያመጣ የሚችለው እሱ ነውና። እናቲቱ መድኃኒቷን በየቀኑ የምትወስድና የቫይረሱ መጠን የወረደ ከሆነ በጡት የመተላለፉ ዕድል በጣም ዝቅተኛ ነው። ጨርሶ የለም ግን አይባልም፣ ክትትሉ የማይቋረጠውም ለዚህ ነው። ሕፃኑ 6 ወር እስኪሞላው ጡት ብቻ ይጠባል፣ ውሃም አይጨመርም። አደጋው ግማሽ ጡት ግማሽ ጡጦ ማድረጉ ላይ ነው። የላም ወተት፣ አብሽ፣ አጥሚት፣ የስኳር ውሃ በዚህ ዕድሜ የአንጀቱን ግድግዳ ሊጎዱት ይችላሉ፤ የተጎዳ አንጀት ደግሞ ለቫይረሱ መግቢያ ይሆናል። አያት ማታ ማታ ተደብቀው ጡጦ የሚሰጡ ከሆነ ሊያድኑት ብለው እያጋለጡት ነው። ከ6 ወር በኋላ ምግብ ይጀመርለታል፣ ጡቱም ቢያንስ ዓመት እስኪሞላው ይቀጥላል።

የሕፃኑ ምርመራ ላይም ብዙ ቤተሰብ ይሳሳታል። ልጁን በጣት ደም አስመርምረው "እሱንም ይዞታል" ብለው የሚያለቅሱ አሉ። ያ ምርመራ የሚያሳየው ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ከእናቱ የወረሰው እስከ 18 ወር ሊቆይ ስለሚችል ልጁ ነፃ ሆኖም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። በዚህ ዕድሜ የሚታመነው ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው የፒሲአር ምርመራ ነው፣ ከ6 ሳምንት ጀምሮ ይሠራል። ልጁ 4 ወሩ ስለሆነ ወላጆቹ መሠራቱን ያረጋግጡ። ጡት ከተወ በኋላም ይደገማል።

ብርጭቆው፣ ሳህኑ፣ ሊጡ፣ ጉርሻው፣ ሽንት ቤቱ፣ ልጆቹን ማቀፏና መሳሟ ግን ምንም ስጋት የለባቸውም። በምራቅ፣ በላብና በእንባ አይተላለፍም። "ሽንኩርት ስትከትፍ እጇን ብትቆርጥስ?" የሚል ጥያቄ ሁሌም ይነሳል። እጇን በሳሙና ትታጠባለች፣ ፕላስተር ታደርጋለች፣ ደም የነካው ሽንኩርት ይጣላል። የማንም ደም ቢሆን የሚደረገው ይኸው ነው። ምላጭ፣ ጥፍር መቁረጫና የጥርስ ብሩሽ በየራስ ይሁን፣ ግን ለእሷ ተብሎ ሳይሆን ለሁላችሁም፤ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን የሚቆየው የጉበት ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ አለና። ድንገት ደሟ የሌላ ሰው ቁስል ውስጥ ቢገባ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፣ ቁስሉ አይጨመቅ፣ ሰውየው በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ይድረስ። ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ አለ፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል።

ብርጭቆ መለየቱ ማንንም ካልጠበቀ ምን ያደርጋል? ሴትየዋን መድኃኒቷን እንድትደብቅ ያደርጋታል። መገለል የሚፈሩ ሰዎች የዕቃውን ጽሑፍ ይልጣሉ፣ ሲነቀነቅ እንዳይሰማ ጥጥ ይጎሰጉሱበታል፣ ወይም ክኒኑን በሶፍት ጠቅልለው ልብስ መሃል ይከታሉ። መድኃኒቱ እርጥበት እንዳያገኘው በራሱ ዕቃ ተከድኖ መቀመጥ አለበት። ከዚያ አማት ቤተ ክርስቲያን እስኪሄዱ ተጠብቆ ይዋጣል፣ እሳቸው ካልሄዱ ያ ቀን ይዘለላል። መዝለሉ ሲደጋገም ቫይረሱ ተመልሶ ይበዛል፣ ለእሷም ለሕፃኑም ለወንድምሽም የማያሰጋው ነገር አስጊ የሚሆነው ያኔ ነው። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚወስደው በቀን 1 ፍሬ ነው፤ ቴኖፎቪር 300፣ ላሚቩዲን 300፣ ዶሉቴግራቪር 50 ሚሊግራም በአንድ ላይ። ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ስለሚወሰድ ጾም አያግደውም። የአይረን ክኒን የምትወስድ ከሆነ ግን የኤችአይቪውን ከአይረኑ 2 ሰዓት ቀድማ ወይም 6 ሰዓት ዘግይታ ትዋጠው፣ አለበለዚያ ሁለቱንም ከምግብ ጋር አብራ። በባዶ ሆድ አንድ ላይ ከተዋጡ አይረኑ ዶሉቴግራቪርን ይይዘውና በበቂ መጠን ወደ ደም አይገባም።

ስለ ወንድምሽም ልጨምር። ቫይራል ሎዷ፣ ማለትም በደሟ ያለው የቫይረሱ መጠን፣ "አይታይም" ደረጃ ደርሶ እዚያው ከቆየ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አታስተላልፍም። በ2016 እና በ2019 እ.ኤ.አ. ውጤታቸው የታተመው የፓርትነር ጥናቶች እንደዚህ ያሉ ጥንዶችን ተከታትለው፣ መድኃኒት ከሚወስደው ወደ አጋሩ የተላለፈ አንድም አላገኙም።

እናትሽን "ኋላ ቀር" ብለሽ አትጀምሪ። እሳቸው የሚያውቁት ኤችአይቪ መድኃኒት ያልነበረበትን ጊዜ ነው፤ ጎረቤት ከስቶ፣ አልጋ ላይ ቀርቶ ሲቀበር አይተዋል። በአገራችን መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። ያዩት ሞት እውነት መሆኑን ተቀበይላቸው፣ ከዚያ በኋላ የመጣውን ንገሪያቸው። ጠበል ካነሱ አትከራከሪ፤ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ2007 እ.ኤ.አ. ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው እንደሚወሰዱ በይፋ ተናግረዋል፣ ይህ ለእናትሽ ከእኛ ማብራሪያ በላይ ይከብዳል። የሚሻለው ምራታቸው ፈቅዳ በቀጠሮዋ ቀን አብረዋት ቢሄዱና የጡቱን ጉዳይ ከነርሷ አፍ ቢሰሙ ነው። ወንድምሽም ዝም አይበል፤ በዚያችው ብርጭቆ አብሯት ይጠጣ፣ እናቱ እያዩት።

ሳትፈቅድልሽ ግን ለማንም፣ ለአክስትም ለንስሐ አባትም፣ አትንገሪ። ጥያቄሽ ላይ የሰፈራችሁን ስም ጽፈሻል። የሚያውቃችሁ ሰው ከሕፃኑ ዕድሜ ጋር ካገናኘው ማን እንደሆነች ይለያታል፤ አሁኑኑ አጥፊው።