በአሜሪካ የጥይት ሰለባዎች ለምን በአብዛኛው ጥቁሮች ሆኑ?

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ በፊላደልፊያ ይኖራል። በአሜሪካ በጥይት የሚገደሉት በብዛት ጥቁሮች ናቸው ሲባል እሰማለሁና ምክንያቱ ምንድን ነው? ነዋሪዎቹስ ምን መላ ዘየዱ? (አንባቢ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የሰሙት እውነት ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ከአገሪቱ ሕዝብ 14 በመቶ ገደማ ቢሆኑም፣ በጦር መሣሪያ ከሚገደሉት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ምክንያቱን በቆዳ ቀለም የሚፈልጉ ይሳሳታሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የመንግሥት ካርታዎች የጥቁሮችን ሰፈሮች በቀይ ቀለም ለይተው ለብድር አደገኛ ስላሏቸው፣ ባንኮች ፊታቸውን አዙረውባቸው፣ ቤቶቹ አርጅተው፣ ሥራም ርቋቸው ኖረዋል፤ ዛሬም ተኩስ በብዛት ከሚሰማባቸው አካባቢዎች ብዙዎቹ እነዚሁ ናቸው።

ነዋሪዎቹ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በቺካጎ እ.ኤ.አ. በ2000 በተጀመረ አሠራር፣ በሰፈሩ የሚታወቁ ሰዎች፣ አንዳንዶቹም ራሳቸው ታስረው የወጡ፣ የበቀል ተኩስ ሳይከተል ጠበኞችን ቀርበው ያስታርቃሉ፤ የእኛን ሽማግሌዎች ሥራ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የፊላደልፊያው ነው፦ ቆሻሻ የተከመረባቸው ባዶ ቦታዎች ተጠርገው፣ ሣርና ጥቂት ዛፎች ተተክለውባቸው፣ ዝቅ ባለ የእንጨት አጥር ሲከለሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት መሠረት በድሆቹ ሰፈሮች የጦር መሣሪያ ጥቃት በ29 በመቶ ቀንሷል። የእህትዎ ልጅ እንዲህ ያለውን ሥራ በአቅራቢያው ካገኘ እንዲሳተፍበት ይምከሩት።